ሰርቫይቫል፦ ለካንሰር ሙከራ ዳታ የማምነው ፓኬጅ፣ የማልተኛላቸው ቦታዎች ግን አሉ

በካንሰር ክሊኒካዊ ሙከራ ላይ የሚሠራ ባዮስታቲስቲሺያን (የሕክምና መረጃን በስታቲስቲክስ የሚተነትን ባለሙያ) ቀን ከሌት የሚያብሰለስለው ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው። ታካሚው ምን ያህል ጊዜ ቆየ? በሕይወት ይሁን፣ በሽታው ሳይመለስበት ይሁን፣ ዕጢው ሳያድግ ይሁን፣ ዞሮ ዞሮ የሚለካው ጊዜ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሶፍትዌር ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ በአር (የስታቲስቲክስ ስሌት የሚሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ) ውስጥ ስላለው "ሰርቫይቫል" ስለተባለው ፓኬጅ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ከእሱ ጋር ነው። ወደዚህ ሙያ መግባት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ተማሩ እላለሁ። ግን ዓይን ተጨፍኖ የሚታመን ዕቃ አይደለም።

ፓኬጁን የጻፈው በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ስታቲስቲሺያን ሆኖ የሠራው ቴሪ ተርኖ ነው። አር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሰርቫይቫል ከአር ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው ማውረድ እንኳ አያስፈልግም። ክፍያ የለም። ፈቃድ ማደስ የለም። ተማሪውም፣ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ያለውም አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ይሠራሉ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ "ለመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚቀርብ ሥራ በሳስ (በሚከፈልበት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ብቻ ነው የሚሠራው" የሚል ወሬ አትስሙ፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ይህን ሶፍትዌር ብቻ ተጠቀሙ ብሎ አያስገድድም።

ወደ ሥራው ልግባ። ሙከራ ሲዘጋ ሁሉም ታካሚ አልሞተም። ከገባ ገና ሦስት ወሩ የሆነው አለ፣ አድራሻ ቀይሮ የጠፋ አለ፣ ደህና ሆኖ የሚመላለስም አለ። እነዚህን "ሴንሰር የተደረጉ" እንላቸዋለን። አውጥታችሁ ከጣላችኋቸው የቀሩት የሞቱት ብቻ ስለሆኑ ሕክምናው ከእውነቱ የባሰ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ይኖራሉ ብላችሁ ከቆጠራችኋቸው ደግሞ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ካፕላን እና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ዘዴ ይህን ፈታው። እያንዳንዱ ሰው እስከታየበት ቀን ድረስ ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ምንም አይገመትም። ሰርቫይቫል ይህን ሐሳብ በሚገርም ጥራት ነው የያዘው። ጊዜውንና ሁኔታውን (ሞተ ወይስ ሴንሰር ተደረገ) በ"ሰርቭ" ታጣምራላችሁ፣ "ሰርቭፊት" በየጊዜው ስንት በመቶው በሕይወት እንዳለ የሚያሳየውን ኩርባ ያወጣል፣ "ኮክስፒኤች" ደግሞ ዴቪድ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበውን፣ ቡድኖችን በሞት ፍጥነት የሚያነጻጽረውን ሞዴል ያሰላል። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው የሙያውን ግማሽ ቋንቋ ይዟል ብል አላጋነንኩም።

መለማመጃ ዳታም አብሮ ይመጣል። "ላንግ" የሚባለው የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 228 ታካሚዎች ዳታ ነው፤ 165ቱ ሞተዋል። ሚዲያኑ፣ ማለትም ግማሾቹ የሞቱበት ጊዜ፣ 310 ቀን ነው። በጾታ ስትከፍሉት ለወንዶች 270፣ ለሴቶች 426 ይሆናል። የኮክስ ሞዴሉ 0.59 ገደማ የሆነ ሀዛርድ ሬሺዮ ይሰጣችኋል፤ ማለትም በየትኛውም ቅጽበት የሴቶቹ የመሞት ፍጥነት የወንዶቹን 59 በመቶ ያህል ነው። እጃችሁን ለማፍታታት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እዚሁ ላንግ ላይ ግን የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ሁኔታው የተመዘገበው በ0 እና በ1 ሳይሆን በ1 እና በ2 ነው፤ 1 ሴንሰር የተደረገ፣ 2 የሞተ። ምክንያቱን የፓኬጁ መመሪያ ራሱ ይናገራል። በድሮው የፓንች ካርድ ዘመን ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታን ዜሮ አድርጎ ያነበው ስለነበር፣ ዜሮ የተባለ ቁጥር ከጠፋ መረጃ ስለማይለይ፣ በባዮስታቲስቲክስ ክፍሉ ውስጥ ዜሮን እንደ ዳታ አንጠቀምም ተባለ፤ ካርዱ ቀረ፣ ልማዱ ቆየ። ችግሩ "ሰርቭ" አመዘጋገቡን የሚለየው ትልቁን ቁጥር አይቶ መሆኑ ነው። ከዳታው ላይ ትንሽ ቡድን ቆርጣችሁ ብታወጡና በዚያ ቡድን ውስጥ አንድም ሰው ያልሞተ ቢሆን፣ ሁሉም ቁጥር 1 ይሆናል፣ ፓኬጁም ሁሉም ሞተዋል ብሎ ያነበዋል። ማንም ያልሞተበት ቡድን ሁሉም የሞቱበት ሆኖ ቁጭ ይላል! ስለዚህ ዳታውን ስትቀበሉ ወዲያው ወደ 0 እና 1 ቀይሩት።

ሁለተኛው ደግሞ በሁለት ሰው የሚሠራ ቡድንን የሚያጣላ ነው። በዋና ዋና ሙከራዎች ላይ አንዱ የሠራውን ሠንጠረዥ ሌላው ኮዱን ሳያይ ከባዶ ተነስቶ እንደገና ይሠራዋል። አንዱ በአር፣ ሌላው በሳስ ከሠራ ቁጥሮቹ አስርዮሽ ላይ ይለያያሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ሲሞት ኮክስ ሞዴሉ የሚጠቀምበት ማስተካከያ በሰርቫይቫል ካልተነገረው ኤፍሮን የተባለው ዘዴ ነው፣ በሳስ ብሬስሎ የተባለው ነው። የካፕላን ማየር ኩርባው የመተማመኛ ክልልም (እውነተኛው ዋጋ ሊገኝበት የሚችለው ወሰን) እንዲሁ በሰርቫይቫል በሎግ፣ በሳስ በሎግ-ሎግ ይሰላል። እኔ በበኩሌ ኤፍሮን የተሻለ ግምት ይሰጣል ባይ ነኝ፣ ሰርቫይቫል እሱን መምረጡም ደስ ይለኛል። ዋናው ግን ዳታው ከመከፈቱ በፊት የትንተና ዕቅዱ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ መጻፉ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው፤ የታካሚ ዕጣ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው። ኮክስፒኤች አንድ ሀዛርድ ሬሺዮ ይሰጣችኋል፣ ነገር ግን አንድ ቁጥር ሁልጊዜ ታሪኩን አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመውን አይፓስ የተባለውን ሙከራ ውሰዱ። በምሥራቅ እስያ 1217 የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ነበሩበት፣ ጌፊቲኒብ የተባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ተወዳደረ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ሚዲያን 5.7 እና 5.8 ወር ነበር፣ ምንም ልዩነት የለም ማለት ነው። ሀዛርድ ሬሺዮው ግን 0.74 ለጌፊቲኒብ ያደላ! ዓመት ላይ ደግሞ በሽታው ያልተባባሰባቸው በጌፊቲኒብ 25 በመቶ፣ በኬሞው 7 በመቶ ገደማ ሆነው ተለያዩ። ኩርባዎቹ መሀል ላይ ተሻግረው ነበር። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት በሽተኛ አንድ ላይ መቀላቀሉ ነው፤ ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ያለባቸው ላይ ሬሺዮው 0.48 ሲሆን፣ የሌለባቸው ላይ 2.85 ነበር። አንዱን ቡድን የጠቀመው መድኃኒት ሌላውን ከኬሞው አንጻር ጎድቶታል። 0.74 ብቻ አንብቦ የሄደ ሰው ይህን አያይም። ሰርቫይቫል ውስጥ "ኮክስ ዜድፒኤች" የሚባል መፈተሻ አለ፤ ውጤቱ ከጊዜ ጋር እየተለወጠ ከሆነ ይነግራችኋል፣ በሥዕልም ያሳያችኋል። ግን ካልጠራችሁት በራሱ አይመጣም። ኮክስ ሞዴል በሠራችሁ ቁጥር ጥሩት።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ከፓኬጁ ጋር የሚመጡት ረጃጅም ማብራሪያ ጽሑፎች። ሐኪሞች ሁሌ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ "ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ታካሚዎች ካልቀነሰላቸው ይበልጥ ኖሩ ወይ?" ትክክለኛ ጥያቄ ይመስላል። ከጽሑፎቹ አንዱ የሚያደርገው እንዲህ ነው። የላንግን ታካሚዎች ይወስዳል፣ በየወሩ ቀጠሮ እንደነበራቸው ያስባል፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ 5 በመቶ ዕድል ሰጥቶ በዘፈቀደ "ይሄ ቀነሰለት" ይላል። መድኃኒት የለም፣ ነገር የለም፣ ዕጣ ብቻ። ከዚያ ኩርባውን ሲያወጣ "የቀነሰላቸው" የተባሉት በሰፊው በልጠው ይኖራሉ። ምክንያቱም ብዙ ቀጠሮ ላይ ለመድረስ መጀመሪያ በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል። ይህን ስሕተት ይዘው የሚወጡ የምርምር ጽሑፎች አሁንም አሉ፣ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ከጀርባው ተስፋ የሚያደርግ በሽተኛ አለ። መፍትሔውንም ጽሑፉ ያስተምራል። ታካሚው ምላሽ እስከሰጠበት ቀን ድረስ ካልሰጡት ጋር ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ከሰጡት ጋር፤ ጊዜውን እንዲህ ቆርጦ የሚያዘጋጀው "ቲመርጅ" ነው። አጠቃቀሙ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ታገሱት።

ቅሬታዎቼን ላሳጥር። ሥዕሉ ደረቅ ነው፤ ከኩርባው ሥር በየጊዜው ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በራሱ አይወጣም፣ ሌላ ፓኬጅ መጨመር አለባችሁ። የስሕተት መልእክቶቹም ለጀማሪ ግልጽ አይደሉም። ሙከራ ለማቀድም አይሆንም። ሀዛርድ ሬሺዮ 0.7 እንጠብቃለን ካላችሁ፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ተከፍለው በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድል) 247 ያህል ሞት ማየት ያስፈልጋል፤ 0.5 ከሆነ ግን 66 ይበቃል። የታካሚው ብዛት ሳይሆን የክስተቱ ብዛት መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ስሌትና መሀል ላይ የሚደረገውን ግምገማ የሚሠሩላችሁ እንደ ጂኤስዲዛይን ያሉ ሌሎች ፓኬጆች ናቸው።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በ1 እና 2 አመዘጋገቡ ነው፤ ሰው ሕይወት ላይ የሚሠራ ዕቃ ይህን በግምት መወሰን አልነበረበትም። ልትጀምሩ ከሆነ ላንግን ጨርሳችሁ ወደ "ኮሎን" እለፉ፤ የአንጀት ካንሰር ሙከራ ዳታ ነው፣ 929 ታካሚዎች ግን 1858 መስመሮች አሉት። አንዱ መስመር በሽታው ለተመለሰበት፣ አንዱ ለሞት ነው። ኮዱን ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን መርጣችሁ ለዩት፣ አለዚያ እያንዳንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ።