ቁልፌን ለነጠቀኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይም እንደ እኔ ዕድሜ የጠገበ መኪና ለምታሽከረክሩ ወገኖቼ ነው። እኔንና የ7 ዓመት የልጅ ልጄን ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁለት በሕይወት ያወረደን እግዚአብሔር ነው፤ ያ ቀን እንዳይደገም ያደረገው ግን ወደ ሽምብጥ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቆ ስለለመነኝ አልጽፈውም። በሰፈሩ «የቮልስ ሐኪም» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ይመራችኋል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ነጭ ቮልስ ናት። አባቴ በ1964 ዓ.ም. ከሰው እጅ ገዝቷት፣ የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰባት ራሱም አይቆጥረውም ነበር። «ቁልቁለትን በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ» እያለ መንዳት ያስተማረኝም በእርሷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እርሱ ሲያርፍ መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ስለ ሞተርና ስለ ፍሬን የማውቀው ነገር ግን አልነበረም፤ አሁንም ብዙ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ፣ የልጅ ልጄ አባይን ከላይ ሆና እንድታይ ቤዛዊት ወስጃት ስንመለስ፣ ከፊታችን የነበረ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነሰና ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ የጨረስኩት ጠመኔ ብዙ ነው፤ 11 ሜትር ምን ያህል አጭር እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። የአባቴ ቃል ትዝ ብሎኝ ይሁን እጄ በልማድ ሄዶ አላውቅም፣ ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ዘገየች፤ ባጃጁን በግራ በኩል አልፌ ከመንገዱ ዳር በነበረ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ልጅቱ አልተጎዳችም። እኔ ግን ከመሪው ላይ እጄን ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር።

የሚያንገበግበኝ፣ ይህ አደጋ ሳይታሰብ የመጣ አለመሆኑ ነው። ፔዳሉ መላላት ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ እኔም ዝም አላልኩም፤ ሦስት ጋራዥ ዞሬያለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሥራቸውን ግን እናገራለሁ። በመጀመሪያው ቦታ ያገኘሁት ሰው የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከኋላ፣ ከሞተሩ ዙሪያ ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በቮልስ ላይ ይህ ዕቃ የሚገኘው ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ እንደሆነ እኔ ነኝ ያሳየሁት። ከዚያም ከመደርደሪያው አንድ ጣሳ አንሥቶ ሞላበትና «ጨርሰናል» አለኝ። በሁለተኛው ቦታ «ባልሽን ላኪውና እንነጋገራለን» ተባልኩ። ባለቤቴ ካረፈ 9 ዓመት ሆኖታል። በሦስተኛው መኪናዬን አራት ቀን አቁመው፣ የፍሬን ሸራ አጠበቅን ብለው ገንዘብ ከተቀበሉኝ በኋላ፣ ስወጣ ከኋላዬ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ይህን ሁሉ ከፍዬ፣ ይህን ሁሉ ታግሼ ነው እንግዲህ የልጅ ልጄን አስቀምጬ ወደ ቤዛዊት የወጣሁት።

ወደዚህ ሰው የመራኝ ያው ባጃጅ ነጂ ነው፤ እርሱንም እግዚአብሔር ይስጠው። ስልክ ደወለለትና ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ መካኒኩ መፍቻዎቹን ከኋላ ወንበር ላይ አስሮ በብስክሌት ደረሰ። በዕድሜ የልጄ እኩያ ይሆናል። መኪናዋን ከመንካቱ በፊት ለልጅቱ ውኃ አጠጣት፤ ከዚያ «እትዬ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይምቱትና ሲጠነክርልዎ ረግጠው ይያዙት፤ እንዳይለቁት» አለኝና ከአጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ ያህል ነው የቆየነው። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ተሰማኝ። «እሱ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ሦስት ጋራዥ ሦስት ወር ያላገኘውን ይህ ልጅ መፍቻ ሳያነሣ አገኘው።

መኪናዋ ተጎትታ ቆርቆሮ ቤቱ ከደረሰች በኋላ ያየሁትን ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ከማጠራቀሚያው ጥቂት ፈሳሽ በመርፌ ስቦ በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠባጠበ። ፈሳሹ ከውኃው ጋር በመዋሐድ ፈንታ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። «የፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም፤ ከውኃ ጋር ይዋሐዳል። የሞሉብዎ የሞተር ዓይነት ዘይት ነው፤ እሱ ደግሞ ጎሚኒውን፣ ፈሳሹን የሚገታውን ጎማ፣ ይበላል» አለኝ። የፍሬን ፓምፑን ፈትቶ ያወጣውን ጎሚኒ ከአዲሱ ጎን በመዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ አሮጌው አብጦ፣ እንደ ራሰ ዳቦ ተልፈስፍሶ ነበር። የቀረውን ማብራሪያ በትክክል ልደግመው አልችልም። የገባኝ ይህ ነው፦ እንደ እኔ ባሉት የድሮ ቮልሶች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲበላሽ አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣሉ፤ በሁለት የተከፈለ መስመር የመጣው ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ ጉዳይ ልምጣ። በዚያው ሳምንት ዘጌ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበረ። «ለጊዜው ጎሚኒውን ብቻ ቀይርልኝ፤ በቀስታ ነድቼ እመለሳለሁ» ብዬ ለመንኩት። ዘይቱ የነካው ጎሚኒ ሁሉ፣ ወደየእግሩ የሚሄደው ቱቦ ጭምር፣ ካልተለወጠና መስመሩ ካልታጠበ መኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም አለ። ተቆጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ገንዘብ ለመጨመር ፈልገህ ነው ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩት። እርሱ ቁልፌን ከጠረጴዛው አነሣና ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እናቴም ብትሆን አልሰጣትም» አለኝ። ከዚያም ባጃጅ ጠርቶ፣ ሒሳቡን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ወደ ቤቴ ሰደደኝ። ስንት ሰው መኪናዬን እየወሰደ ገንዘቤን ተቀብሎ «ንጂ» ብሎኛል፤ «አትነጂም» ብሎ የራሱን ገንዘብ ያወጣልኝ ግን እርሱ ብቻ ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ 9 ቀን ጠበቅን። በየምሽቱ እየደወለ የደረሰበትን ይነግረኝ ነበር። ሥራው ሲያልቅም ቁልፉን አልሰጠኝም። መንገዱ ጭር በሚልበት በንጋቱ 12 ሰዓት ከአጠገቤ ተቀምጦ መልሶ ቤዛዊት አወጣኝና፣ በዚያው ቁልቁለት ላይ በቀስታ እያስወረደ ፍሬን ቢበጠስ ምን እንደማደርግ አስተማረኝ። ያን ዕለት ደርቄ ረግጬ መቅረቴ ስሕተት ነበር፤ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት ነው፤ አንዳንዴ ጥቂት ኃይል ይመልሳል። ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን አንድ በአንድ ማውረድ ነው። የእጅ ፍሬኑ በሽቦ ገመድ የኋላ ጎማዎችን ስለሚይዝ ፈሳሹ ቢፈስም ይሠራል፤ ሆኖም መኪናዋ እንዳትሽከረከር የእጀታውን መጫኛ በአውራ ጣት ተጭኖ ቀስ በቀስ መሳብ እንጂ በአንድ ጊዜ መንጠቅ አይገባም። እኔ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስቆም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ነበረኝ ለማለት አልደፍርም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ እንዳለበትም የነገረኝ እርሱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይህ ልዩነት ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ቁጥር ስለምወድ ይህኛው አልጠፋብኝም። ሐይቅ ዳር ክረምቱን የምናሳልፍ ሰዎች መሆናችንን እዚህ ላይ አስቡት።

እባካችሁ፣ ፔዳላችሁ ትንሽ እንኳ ከላላ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደዚህ ሰው ሂዱ። ሴቶች በተለይ ሂዱ፤ የማንም ባል አይጠይቅም፤ የፈታውን ዕቃ በእጃችሁ ያስይዛችኋል፤ ዋጋውንም አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። «ባልሽን ላኪው» ያሉኝም ቢሆኑ ሄደው ቢማሩበት አልጠላም።

ወደ ሽምብጥ ስትሄዱ ትልቁን ዋርካ አልፋችሁ በስተቀኝ፣ በሩ ላይ አሮጌ የቮልስ ኮፈን የተሰቀለበት ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል። ቁልፋችሁን ነጥቆ ኪሱ ከከተተባችሁ ግን አትቆጡት፤ እኔ ተቆጥቼው እስከ አሁን ይቅርታ እየጠየቅሁት ነው።