የላንድክሩዘሬን መሪ መንቀጥቀጥ ላገኙልኝ የደብረ ብርሃን መካኒክ ምስጋና

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የእንስሳት መድኃኒት የማመላልስበት ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሰዓት 70 ኪሎሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በተለይም አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲነካ፣ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚረጋውም ፍጥነቴን ወደ 40 ስቀንስ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ጭነት ይዤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድማ ጭንቀቱ ምን ያህል እንደነበር ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ይረዳኛል።

ቀደም ሲል ባሳየሁባቸው ሁለት ቦታዎች ጎማው ባላንስ ተደርጓል፣ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል፣ የመሪውን ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርም በአዲስ ተቀይሯል። አዲሱ አሞርዛተር ሦስት ሳምንት ያህል ካሳረፈኝ በኋላ ችግሩ ተመለሰ። ይህን ለደብረ ብርሃኑ መካኒክ ስነግራቸው «በሽታውን ሸፈነልህ እንጂ አላዳነውም» አሉኝ።

አንድ ብሎን ሳይፈቱ ረዳታቸውን ጋቢና አስገብተው፣ ሞተሩ እንደተነሳ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ አዘዙት፤ እሳቸው ከሥር ተኝተው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱ። ቴስቲናዎቹ (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያዎች) ደህና ነበሩ። የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው ዘንግ ግን ጎሚኒው (የመጋጠሚያው ላስቲክ) ተበልቶ ስለነበር፣ መሪው በዞረ ቁጥር ጎማው ከመታዘዙ በፊት አክስሉ ራሱ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር። እኔንም ጣቴን አስደርገው አሳዩኝ።

ከዚያ ፊቱን በክሪክ አንሥተው አንድ እጃቸውን ከጎማው አናት፣ ሌላውን ከግርጌው ይዘው ነቀነቁት፤ ተንቀሳቀሰ። ረዳታቸው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ ደግመው ነቀነቁት፤ አሁንም ተንቀሳቀሰ። በፍሬን ጊዜ ንቅንቅታው ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይሆን እንደነበር፣ ባለመጥፋቱ ግን የላላው፣ ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይኛውና ታችኛው ኩሽኔታ መሆኑን አስረዱኝ። ሲፈታም እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

የአላይመንት ማሽን መኪናው ቆሞ ሳለ ያለውን አቅጣጫ ስለሚለካ፣ ልቅ የሆነ መጋጠሚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። ስለዚህ መጀመሪያ ኩሽኔታዎቹንና ጎሚኒውን ቀየሩ፤ የኩሽኔታውን ጥብቀትም በቀጫጭን ላሜራ አስተካከሉ፤ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ርቀት በሜትር ለክተው ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ በ2 ሚሊሜትር እንዲጠብ ያደረጉት በመጨረሻ ነው። እንዲህ ባለ ወጥ አክስል ላይ በተለመደው መንገድ የሚስተካከለው ይኸው ብቻ እንደሆነም ነገሩኝ።

የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች በካርቶን አድርገው አስረከቡኝ፤ የእጅ ዋጋቸውንም ሥራው ሳይጀመር ነበር የተናገሩት። በትናንትናው ዕለት ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን በ80 ስመጣ መሪው ዝም ብሏል።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ መኪናችሁን ከሥር አሳጥባችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ የያዘ መጋጠሚያ አይመረምሩም፣ እኔንም በመጀመሪያው ቀን ወደ እጥበት መልሰውኛል።