«ማን ነሽ?» የሚላት ያጣች ልጅ፦ ስለ «ዊ አር ኦል ጎይንግ ቱ ዘ ወርልድስ ፌር»

አስፈሪ ፊልም ሲባል ጭራቅና ጩኸት የሚጠብቅ ተመልካች እዚህ አያገኛቸውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ የጄን ሾንብሩን ፊልም 86 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ በአነስተኛ በጀትና በጥቂት ተዋንያን የተሠራ ነው። እኔ የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት ምሽት፣ ደሴ፣ ክፍሌን ዘግቼ በላፕቶፕ አየሁት፤ ታሪኩ ራሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ስለተቀመጠች ልጅ በመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማያ ቦታ ያለው አይመስለኝም።

ኬሲ የተባለችው ታዳጊ «ወደ ወርልድስ ፌር (የዓለም ትርኢት) መሄድ እፈልጋለሁ» ብላ ሦስት ጊዜ ከተናገረች በኋላ ጣቷን ወግታ ደሟን ስክሪኑ ላይ ትቀባለች። ይህን የኢንተርኔት ጨዋታ የጀመረ ሰው እየተለወጠ ይሄዳል ይባላል፤ ተጫዋቾቹም ለውጣቸውን በቪዲዮ እየቀረጹ ይለቃሉ። ወሎ ላደገ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ዛር የሰፈረበት ሰው በሌላ ድምፅ ሲናገር ያልሰማ ጥቂት ነው። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቡና አፍልቶ፣ ዙሪያውን ተቀምጦ «ማን ነህ? ምንስ ትፈልጋለህ?» የሚል ሰው አለ። ኬሲን እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ አባቷ እንኳ በድምፁ ብቻ የሚታወቅ ሰው ነው። ከፊልሙ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። በኋላ የሚጠይቃት ሰው ብቅ ሲል ደግሞ በሦስት ፊደል ብቻ የሚታወቅ፣ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ባይተዋር ነው፤ አሳቢ ይሁን ልጆችን የሚያጠምድ መለየት አቃተኝ።

አና ኮብ በመጀመሪያ የረጅም ፊልም ሥራዋ ኬሲን የተጫወተችበት ብቃት አስደንቆኛል። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረውን የጨርቅ አሻንጉሊት ካሜራ ፊት ቦጫጭቃ ከጣለች በኋላ፣ ያደረገችው ገና ያን ጊዜ የገባት ይመስል ታለቅሳለች። ያ ልቅሶ የጨዋታው አካል ይሁን የራሷ እስከ አሁን ሳስበው አለሁ።

የማልቀበለው መጨረሻው አካባቢ ያለውን ነው፤ ታሪኩ ከኬሲ ተወስዶ ለሰውየው ይሰጣል፣ እሷን ለማወቅ የጓጓ ተመልካችም የእሱን ቃል ብቻ ይዞ ይቀራል። መሐሉም አዝጋሚ ነው። ያም ሆኖ ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁ ከፍ ያለ ከሆነ፣ አብራችሁት ተቀምጣችሁ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። በኃይል ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ስላለበት ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባያየው ይሻላል።