ባይኖኩላር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ «20×50»፣ የድሮው የሩሲያ፣ 8×42 ወይስ ተራው 10×50?

«ለኮከብም ለሽርሽርም የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ባይኖኩላር የቱ ነው?» ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር ይህ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ይመጣል፤ የረመዳን ጨረቃ ስትቃረብ ደግሞ ይበረታል። መልሱ አጭር ነው፦ አዲስ፣ ተራ፣ ባለ ትከሻ (የፊት መስታወቶቹ ከዓይን ማያዎቹ ይልቅ ወደ ጎን የወጡ) 10×50። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። እጁ የማይረጋለት ሰው 8×40 ይውሰድ። ገንዘቡ ካልሞላ ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ እንጂ «20×50» ወይም «30×60» ተብሎ በቀይ መስታወት የሚያብረቀርቀውን አትግዙ። ብር መጣል ነው።

ከዋጋው እንነሳ። ለሒሳብ እንዲቀል ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው። ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ መነሻ ደረጃ 10×50 ውጭ አገር ከ40 እስከ 60 ዶላር ይሸጣል፤ ከ6,000 እስከ 9,000 ብር መሆኑ ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ታክሎበት 12,000 ቢባል አያስደነግጥም። 15,000 ከተባለ ግን ተከራከሩ፤ በዚያ ብር ውጭ አገር ከፍ ያለውን ደረጃ መግዛት ይቻላል። ደህና የሚባል 8×42 ቀጥ ያለ ቱቦ (ትከሻ የሌለው) ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው፤ ገና ሳይጓጓዝ ከ15,000 እስከ 22,500 ብር። ቀይ መስታወት ያለው «20×50» ግን ከምንጩ ብዙ ጊዜ 10 ዶላር አይሞላም። ለእሱ 3,000 ብር የተጠየቀ ሰው ለሳጥኑ ሥዕል እየከፈለ ነው። 800 ብር ቢባልም አልመክርም፤ ርካሽ የሚሆነው የሚሠራ እቃ ሲሆን ነው።

ይህን ቀይ እቃ በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። መጀመሪያ የፊተኛውን መስታወት ለኩ፤ ሳጥኑ 50 ቢልም ብዙ ጊዜ 35 ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ባይኖኩላሩን ፀሐይ ወደሌለበት ብሩህ ሰማይ አዙሩ። በዓይን ማያው መስታወት መሃል ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች። የክቧን ስፋት በማስመሪያው ለኩ። የፊት መስታወቱ 35፣ ክቧ 5 ሚሊሜትር ከሆነች 35 ለ5 ሲካፈል 7 ነው። እቃው የሚያቀርበው ሰባት እጥፍ ብቻ ነው ማለት ነው፤ «20» የሚለው ቁጥር ሳጥኑ ላይ እንጂ መስታወቱ ውስጥ የለም።

ሁለተኛውን ማጭበርበር በስልካችሁ መብራት ታገኙታላችሁ። ባይኖኩላሩን ሩቅ ቦታ ላይ አስተካክሉት፤ ከዚያ መብራቱን ከዓይን ማያው በኩል አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አብሩና ከፊት በኩል የሚወጣውን ክብ ብርሃን ወረቀት ወደ መስታወቱ አስጠግታችሁ ተቀበሉት። ትክክለኛ 50 ወደ 50 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክብ ይሰጣል። 35 ብቻ ከሰጠ ውስጥ ላይ ቀለበት አስገብተው መስታወቱን አፍነውታል። ይህን የሚያደርጉት ርካሽ መስታወት ዳር ዳሩ ምስል ስለሚያበላሽ ነው፤ ጠርዙን ሲደፍኑት ጉድለቱ ይሸፈናል፣ ከሚገባው ብርሃን ግን ግማሹ ይቀራል። ለኮከብ ደግሞ የሚገዛው ብርሃኑ ነው።

መስታወቱ ላይ ያለው ቀዩ ቅብስ? ሻጩ «ለሌሊት ነው» ይላችኋል። ቅቡ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ለዚህ ነው ከፊት ሲያዩት የሚያብረቀርቀው፣ ከኋላ ሲያዩበት ደግሞ ዓለሙ አረንጓዴ ቢጤ የሚሆነው። ለሌሊት የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ነው። ደህና ቅብ ከብርሃን አምፖል ሥር ሲያዘነብሉት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ ይሰጣል። አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ከታየ ቅብ የለውም። ከ10 እስከ 30 እያለ ቁጥሩን የሚቀያይረው ዙምም ከዚሁ ይመደባል፤ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል ስለማይሄዱለት ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ሁለት ይሆናል።

የድሮው የሩሲያ የጦር ሜዳ መነጽር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ክብር ይገባዋል። 10×50ውም 8×30ውም ብረት ነው፣ መስታወቱ እውነተኛ ነው፣ ቁጥሩ አይዋሽም። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ፤ 84 ካለ በፈረንጆች 1984 ነው። ምስሉ ትንሽ ቢጫ ይላል፤ ኮከብ ላይ አያስቸግርም። ግን ማጭድና መዶሻ ወይም ኮከብ ታትሞበት መስታወቱ ቀይ፣ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ ካያችሁ ከላይ ያልነው እቃ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ መጥቷል።

እውነተኛው የሩሲያ ችግሩ ዕድሜው ነው። ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ መብራት ከፊት አብርታችሁ ከኋላ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ቅቡን ከበላው ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። ሁለተኛ፣ የማስተካከያው መዘውር ከደረቀ ግሪሱ ጠንክሯል። ቀን በፀሐይ የሚዞረው የደሴ ሌሊት ላይ እንቢ ይላል፤ ይህ በቤንዚን ታጥቦ በአዲስ ቀጭን ግሪስ ይስተካከላል። ሦስተኛ፣ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ዓይናችሁን መስታወቱ ላይ ካላስጠጋችሁ ሙሉውን ክብ አያሳያችሁም፤ ለእናንተ አይሆንም። ሦስቱንም ካለፈ እስከ 6,000 ብር ይከፈልበታል። ሻጋታ ካለበት 1,000 ብርም ብዙ ነው።

ቀጥ ያለው 8×42 ቀላል ነው፣ ውስጡ ጋዝ ተሞልቶ ስለተዘጋ ዝናብ አይፈራም። የሐረጎን ዳገት በጉም ለሚመላለስ፣ ሐይቅ ዳር ወፍ ለሚያይ፣ ክረምት ከበጋ ከቦርሳው ለማያወጣው ሰው ይመቻል። ነገር ግን ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ፕሪዝም (ብርሃኑን አጥፎ ምስሉን የሚያቀናው ውስጠኛ መስታወት) እጅግ በጥንቃቄ መሞረድና ልዩ ቅብ መቀባት ይፈልጋል፤ ዋጋውም የሚገባው እዚያ ነው። ስለዚህ 8,000 ብር ይዛችሁ በባለ ትከሻውና በቀጥታው መካከል ከተወዛገባችሁ ባለ ትከሻውን ያዙ። በእኩል ብር የጠራ ምስል የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ተመራጩ። 10×50 ስትገዙም የአንዱ ሳጥን እቃ ከሌላው ሊለይ ስለሚችል፣ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ወጥታችሁ ሞክሩት። ደሴ ፒያሳ ከሆናችሁ የጦሳ ተራራ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ዛፍ ምረጡ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃሉ መዘውር ለግራው አስተካክሉ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ መዘውሩን ሳትነኩ የቀኙን ዓይን ማያ ቀለበት አዙሩ። በሁለቱም ዓይን ስታዩ ዛፉ አንድ መሆን አለበት። አሁን እያያችሁ ባይኖኩላሩን ቀስ ብላችሁ አንድ ስንዝር ያህል ከዓይናችሁ አርቁት። ዛፉ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ ከተሰነጠቀ ቱቦዎቹ መስመር ስተዋል። ዓይን ትንሽ የጎን ስህተት ይችላል፣ የላይና የታች ስህተት ግን በአሥር ደቂቃ ራስ ያሳምማል። ሻጩ «ዓይንህ ይለምደዋል» ቢል አትቀበሉ፤ ሌላ ሳጥን ይክፈትላችሁ።

ቀጥሎ ዛፉ ጥርት ብሎ ሳለ አንዱን ዓይን ማያ በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ሁለቱን ዓይን ማያዎች የሚያገናኘው ድልድይ ተንጋዶ ምስሉ ከደበዘዘ ሌሊት ግንባራችሁ በነካው ቁጥር ይደበዝዛል። ርካሽ 10×50 ላይ በብዛት የሚገኘው ጉድለት ይህ ነው። ቅድም የለካናትን የብርሃን ክብም እዩ፤ እዚህ 5 ሚሊሜትር መሆን አለባት። ሙሉ ክብ ከሆነች ፕሪዝሙ ደህና ነው፤ አራት ጎኗ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ የአልማዝ ቅርጽ ከያዘች ረከስ ያለው ፕሪዝም ነው። በ6,000 ብር ይህን መታገስ ይቻላል፣ በ12,000 ግን አይቻልም።

ስለ ጥገና። ወድቆ ምስሉ ሁለት የሆነ ባለ ትከሻ ባይኖኩላር ብዙ ጊዜ ይድናል። ትከሻው ላይ ጎማው ሲገለጥ ትንንሽ ብሎኖች ይገኛሉ፤ ፕሪዝሙን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ቀጭን መፍቻ ያለው ሰዓት ሠሪ ሊሠራው ይችላል፣ ነገር ግን አብራችሁት ቁሙ፤ ብሎኑን በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር በላይ አያዙር፣ በየመሃሉም ሩቅ ነገር እያያችሁ ንገሩት። አጥብቆ ካዞረው ፕሪዝሙ ጥጉ ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቀጥ ያለው ቱቦ ግን እዚህ አይከፈት፤ ጋዙ ይወጣል፣ ውኃ የመከላከል ነገሩም ያበቃል። የተቀደደ የዓይን ጎማ ከብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተቆርጦ ይተካል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ የሚሰጠው ኮከብ ከኮምቦልቻ ይበልጣል፣ ጉሙና እርጥበቱ ግን ጠላት ነው። ብርድ ላይ የቆየ ባይኖኩላር ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ያልበዋል፤ ከነቦርሳው ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ክረምቱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ሳጥን ከሚገኘው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አራት አምስቱን አድርጋችሁ አስቀምጡት። መስታወቱን በነጠላ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉ፤ አቧራው ይቧጭረዋል። መጀመሪያ ከፋርማሲ በሚገዛው የጆሮ ማጠቢያ የላስቲክ ኳስ አየር ንፉበት።

አጠቃቀም ላይ 10 እጥፍ በባዶ እጅ የሚያዝ የመጨረሻው ነው። ሰሌን አንጥፋችሁ፣ ጋቢ ለብሳችሁ፣ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አሳርፉ፤ የጁፒተር አራት ጨረቃዎች እንደ መርፌ ጫፍ ተሰልፈው ይታያሉ። የሳተርንን ቀለበት ግን አትጠብቁ። ግንቦት ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደቡብን ስታዩ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት ጭጋግ እንደለበሰ ኳስ ሆኖ ይገኛል፤ አውሮፓ ያለ ሰው አብዛኛው አያየውም። የረመዳን ጨረቃን ለምትፈልጉ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ጦሳ ምዕራቡን ስለሚጋርድ አድማስ የሚታይበት ከፍታ ምረጡ፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ግን ባይኖኩላሩን ወደዚያ ፈጽሞ አታዙሩ። በባይኖኩላር የገባ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ለዘለቄታው ያጠፋል፤ ለልጆችም ይህን ሳትነግሩ እቃውን አትስጡ።

ከውጭ በዘመድ ልታስመጡ ካሰባችሁ ዘመድ ትኬት ሳይቆርጥ ጉምሩክን ጠይቁ፤ አየር ማረፊያ ላይ ባይኖኩላር የተያዘባቸው መንገደኞች አሉ። እዚህም ስትጠቀሙ ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላና ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አታነጣጥሩ። ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ብቻችሁን ከምትቆሙ ግቢያችሁ ይሻላል፤ መብራት የጠፋበት ምሽት ደግሞ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው።

ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ከሻጩ ጋር አንድ ነገር ተስማሙ፦ ሁለት ሌሊት ሞክራችሁ ካልሆነ ትመልሳላችሁ፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሆነ የኦሪዮንን ሦስት የቀበቶ ኮከቦች ፈልጉ። ከዳር እስከ ዳር 2.7 ዲግሪ ናቸው፤ ደህና 10×50 ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚያሳይ ሦስቱ ተሰልፈው ያን የሚያህል ቦታ ደግሞ ሊተርፍ ይገባል። መሃል ላይ ያደረጋችሁት ኮከብ መዘውሩን ስታስተካክሉ ነጥብ መሆን አለበት። ዳር ላይ ትንሽ ቢደበዝዝ በዚህ ዋጋ ያለ ነው። መሃል ላይ ግን ኮከቡ ጭራ ካወጣ ወይም መስቀል ከሆነ፣ ሌላኛውን ቱቦ በእጃችሁ ሸፍናችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩና በነጋታው ጠዋት መልሱት።