ሞንትሰራት ቲን፦ ቀጭኑ ፎንት ጅማ ውስጥ እንዴት ሠራልኝ?

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሞንትሰራት የሚባለውን ፎንት፣ ያውም በጣም ቀጭኑን "ቲን"ን፣ እየሠራሁበት ነው። ለቡና ማሸጊያ፣ ለካፌ ሜኑ፣ ለሠርግ ጥሪ፣ ለሱቅ ታፔላ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የዚህ ፎንት ጉልበት የፊደሎቹ ስፋት ነው። ቅጥነቱ ግን ቦታ ተመርጦለት ካልሆነ ያስቸግራል።

ፎንቱን የጀመረችው አርጀንቲናዊቷ ዲዛይነር ሁሊዬታ ኡላኖቭስኪ ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2011 ገደማ ነው። መነሻ የሆናት ሞንትሰራት በሚባለው የቦነስ አይረስ ሰፈር ያየችው የድሮ ታፔላና ፖስተር ነው። በ2017 የፎንቱ ቤተሰብ እንደገና ተስሏል። አሁን 9 ውፍረት አለው፤ ከዘመሙት ጋር 18 ይሆናል። ለንግድ ሥራም ቢሆን ነፃ ነው። ሂርማታ ገበያ ዙሪያ ታፔላ ስሠራ ለምኖር ለእኔ፣ ከሰፈር ታፔላ የተወለደ ፎንት መሆኑ ራሱ ደስ ይለኛል።

ጅማ ውስጥ ዲዛይነርን የሚፈትነው ቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ነው። በአፋን ኦሮሞ ረጅም አናባቢ በሁለት ፊደል ይጻፋል። የሚጠብቅ ተነባቢም እንዲሁ። በአማርኛ ሁለት ፊደል የሆነው የከተማችን ስም በቁቤ ስድስት ይሆናል፤ ከነሱ ሁለቱ ኤም ናቸው። ኤም ደግሞ የሞንትሰራት ሰፊ ፊደል ነው። ስለዚህ ታፔላው ቶሎ ይሞላል። ደንበኛ "ስሙን አተልቅልኝ" ሲል የሚቀር ቦታ የለም፤ ወይ ሁለት መስመር ማድረግ፣ ወይ ሰሌዳውን ማስረዘም ነው። በሌላ በኩል ሁለት ኦ ጎን ለጎን ሲመጡ የሚሰጡት መልክ በጣም ያምራል። በኮምፓስ የተሳሉ የሚመስሉ ክቦች ናቸው። የፊደሎቹ ሆድ ክፍት ስለሆነ ከርቀት ሲታዩም አይደፈኑም። ጠበብ ባለ ፎንት ድርብ አናባቢ ተጣብቆ አጥር ይመስላል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ፊደል ይተነፍሳል።

ሁለት ችግር አለበት። ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። የኢሉ አባ ቦር ቡና ለሚሸጥ ሰው ስትሠሩ የስሙ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ። በቲን ሲሆን ሁለት ክር ብቻ ነው የሚታየው። ሙሉውን በትልቅ ፊደል መጻፍ ይፈታዋል፣ ግን ስፋቱ ደግሞ ይጨምራል። ሁለተኛው ሁድሃ፣ ማለትም በቃል መሀል የሚገባው የአፖስትሮፍ ምልክት፣ ነው። ያቺ ትንሽ ጭረት በቁቤ የቃል ትርጉም ትለያለች፤ በቲን ግን ከሩቅ አትታይም። እኔ እሷን ብቻ አንድ ደረጃ ወፍራም አደርጋታለሁ።

ወደ ማተሚያ ቤት ስንሄድ ቅጥነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ቡናማው የቡና ከረጢት ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፤ ቀጭኑ መስመር አንዱ ጋ ይፋፋል፣ ሌላው ጋ ይቆረጣል። በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። ከሁሉም የሚከፋው ከአራት ቀለም ተቀላቅሎ የሚወጣው ቡናማ ነው። አራቱ ትንሽ ካልተገጣጠሙ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ቲን የሚታተም ከሆነ በአንድ ቀለም ይሁን፤ በጥቁር ቢሆን ይመረጣል። ስቲከር ላይም ሞክሬዋለሁ። ፕሎተሩ (የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ) ይቆርጠዋል፣ ትርፉን ስትነቅሉ ግን ፊደሉ አብሮ ይነሳል። የተረፈውም የሚጣበቅበት ገጽ ትንሽ ስለሆነ የጅማን ዝናብ አይችልም። ማኅተም ላይ ጭራሽ አይሆንም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ ምስልም ሲጨመቅ ግራጫ ይሆናል።

የሚያምርበት ቦታ የሠርግ ጥሪ ነው። ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ የሙሽሮቹ ስም በትልቁ፣ ዙሪያው ባዶ። የቡና ከረጢት ፊት ላይም አንድ ቃል ብቻ በትልቁ ሲቀመጥ ግሩም ነው። ለትንንሹ ጽሑፍ፣ ለክብደቱና ለተቆላበት ቀን፣ ከቲን ወፈር የሚለውን ላይት ወይም መደበኛውን እጠቀማለሁ። ቁጥሮቹ እኩል ቁመት ስላላቸው ለሜኑ ዋጋም ይመቻሉ።

አማርኛው ላይ ነው ብዙ የደከምኩት። ሞንትሰራት የግዕዝ ፊደል የለውም። አማርኛ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት ከሆነ ብዕር የነካው ወፍራምና ቀጭን መስመር ከላቲኑ አጠገብ ባዕድ ይሆናል። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። እሱም ከቲን እስከ በጣም ወፍራሙ ብላክ አለው። ከላቲኑ ጋር ሳጣምረው ላቲኑን ሙሉ በሙሉ በትልቅ ፊደል እጽፈዋለሁ፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቁመታቸው ያኔ ይስማማል። ስፋቱ ላይ ግን አይገናኙም። ኖቶን ማጥበብ እንጂ ከመደበኛው በላይ ማስፋት አይቻልም። በጉልበት ወደ ጎን የሚለጥጡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው እንዳለ ይቀራል፣ የ"መ" እና የ"ወ" ክብም ወደ እንቁላል ይለወጣል። በፊደሎቹ መሀል ትንሽ ክፍተት መጨመር ይሻላል።

ከዚህ ፎንት ጋር እቀጥላለሁ። ለታፔላ ከላይት በታች አልወርድም፤ ቲንን ለወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ከልቡ ሰፊ ሆኖ የተሳለ ቀጭን የግዕዝ ፎንት ግን ያስፈልገናል። የሚሠራ ካለ ከፍዬ እገዛዋለሁ።