የመኝታ ቤት ሻጋታ፦ ለአዲስ አበባ ክረምት የሚሆነው የእርጥበት መምጠጫ የትኛው ነው?

ባለፈው ነሐሴ የልጆቹን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው ጀርባው ከታች እስከ ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ወርሶት አገኘሁ። የትንሿ ልጄ የበዓል ቀሚስም ጫፉ ጠቁሯል። በአንድ ክፍል አራት ሆነን እንተኛለን። በርና መስኮት ዘግተን ስናድር በትንፋሽና በላብ ብቻ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይገባል፤ ያም እንፋሎት ሌሊት በቀዘቀዘው የውጭ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል።

ማንኛውንም ማሽን ከመግዛትዎ በፊት የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው። ቁጥሩ ከ60 በመቶ በላይ እየሆነ የሚያድር ከሆነ ክፍሉ ለሻጋታ ተመችቷል ማለት ነው፤ ከ50 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ካልሲየም ክሎራይድ በተባለው እርጥበት መጣጭ ጨው የተሞሉት ከረጢቶችና ሣጥኖች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ለቁም ሳጥንና ለጫማ ሣጥን ጥሩ ናቸው፤ አራት ሰው ለሚተኛበት ክፍል ግን አይበቁም። ከሥር የሚጠራቀመው ጨዋማ ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል፣ ስለዚህ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ኮምፕሬሰር (እንደ ፍሪጅ ቱቦዎችን የሚያቀዘቅዝና እንፋሎቱን በእነሱ ላይ ውሃ የሚያደርግ ሞተር) የሌላቸው ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ በቀን የሚሰበስቡት 300 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እኛ በአንድ ሌሊት የምናወጣውን ሲሶ እንኳን ስለማይሞላ ለመኝታ ክፍል አልመክራቸውም።

ዋናው ምርጫ ኮምፕሬሰር ባለውና ዚዮላይት በተባለው እርጥበት መጣጭ ማዕድን በሚሠራው ማሽን መካከል ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ኮምፕሬሰር ያለውን ነበር። ሻጩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «በቀን 12 ሊትር» አሳየኝ፤ አመንኩት። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ነው። በክረምት ሌሊት ውጭው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የእኔ መኝታ ቤት ከ15 ብዙም አይበልጥም። በዚህ ቅዝቃዜ የማሽኑ ቱቦዎች በረዶ ይይዛሉ፤ በረዶውን ለማቅለጥም ማሽኑ ደጋግሞ ሥራውን ያቆማል። ጠዋት ጋኑን ሳወጣ ውሃው አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳን አልሞላም ነበር።

የዚዮላይቱ ማሽን ቅዝቃዜ አይበግረውም፣ ክብደቱም ቀለል ይላል፣ የሚያወጣው አየር ሞቅ ያለ ስለሆነ ለክረምት ሌሊት ይመቻል። ጉዳቱ ቆጣሪው ላይ ነው። 600 ዋት የሚወስደው በስምንት ሰዓት 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ፣ 250 ዋት የሚወስደው ኮምፕሬሰር ግን 2 ብቻ ይበላል። ስለዚህ እንደ ጋምቤላ ላለ ሞቃትና እርጥብ አገር ኮምፕሬሰሩን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ ለአዲስ አበባ መኝታ ቤት ግን ዚዮላይቱን።

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልዎት የሚመጣ ከሆነ ቮልቴጁን ያስነብቡት፤ የእነሱ 120፣ የእኛ 220 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ለ60 ኸርትዝ (የኤሌክትሪኩ የሰከንድ ምልልስ) የተሠራን ኮምፕሬሰር ከእኛ 50 ኸርትዝ ጋር አያስማማውም።

ጣሪያው የሚያፈስ ወይም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ለጥገናው ያውሉት፤ ማሽን ከሚፈስ ውሃ ጋር ታግሎ አያሸንፍም። ፀረ ሻጋታ ቀለምም ሻጋታው በሳሙናና በውሃ ሳይታጠብ፣ ልስኑም በደንብ ሳይደርቅ ከተቀባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይላጣል። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ክፍሉን ለማድረቅ ብለውም ከሰል አቀጣጥለው አይተኙ፤ ጭስ ባይታይም ይገድላል።

አሁን የእኛ ቁም ሳጥን ከግድግዳው አራት ጣት ርቆ ቆሟል፤ እርጥብ ልብስም መኝታ ቤት ውስጥ አናሰጣም። የዚዮላይቱን ማሽን ከመተኛታችን በፊት ለሦስት ሰዓት እናበራዋለን፤ ጠዋት መስኮቱን ከመክፈቴ በፊት መለኪያውን ሳየው 56 ይላል።