ሀይሉክሱ ናፍጣ ለበዛባችሁ፦ የአንድ የፓምፕ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

በአሮጌ ሀይሉክስ ደብል ጋቢና ለምትሠሩ ሁሉ ይድረስ። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎሜትር እንደሚያስኬድ ማወቅ የግድ ሆኗል። ባለ 5ኤል ሞተር (5ኤል የሞተሩ ዓይነት መጠሪያ ነው)፣ ቱርቦ የሌለውን የመሥሪያ ቤታችንን መኪና በሊትር ከ8 ኪሎሜትር ወደ 10 ያደረሱልን አዲስ አበባ የሚሠሩ አንድ የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልን እንጽፋለን። ሥራቸውን በዝርዝር የምናነሳው ሌላ ጋራዥ የምትሄዱም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ልኬት ይጠይቃሉ። በአንድ ማደያ፣ በአንድ መቅጃ፣ መቅጃው ራሱ እስኪያቆም ሞልታችሁ ኪሎሜትሩን ትመዘግባላችሁ። ቢያንስ ግማሽ ታንክ ካለቀ በኋላ እዚያው ተመልሳችሁ ትሞላላችሁ። የተነዳውን ኪሎሜትር አሁን ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። ጎማ የቀየረ ግን ይጠንቀቅ፦ በ205/80 ፈንታ 265/70 ባለ 16 ጎማ ከተገጠመ ዲያሜትሩ ከ734 ወደ 777 ሚሊሜትር ያድጋል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 106 ሄዷል ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ "ናፍጣ ይበላል" ብሎ ፓምፕ ማስፈታት ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው።

ቀጥሎ የሚያዩት መኪናውን የሚይዘውን ነገር ነው። ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ጥቂት ኪሎሜትር ነድተው ይወርዱና እጃቸውን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጋሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። በክሪክ ያነሱትና በእጅ ያሽከረክሩታል። ከፊት ብዙ ጊዜ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጎ ወይም ተንሸራታች ፒኑ ደርቆ ይገኛል፤ ከኋላ ደግሞ ከልክ በላይ የጠበቀ የፍሬን ሸራ ወይም የተጣበቀ የእጅ ፍሬን ገመድ ነው። ፒኑን የሚቀቡት ለጎማ ክፍሎች በተሠራው የሲሊኮን ግሪስ ብቻ ነው። ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠውና ፒኑ ከወራት በኋላ እንደገና ይያዛል።

የፊት ሀቡ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) በእጅ የሚዞር ከሆነ አስፋልት ላይ "ፍሪ" ላይ መሆኑን ያረጋግጣሉ። "ሎክ" ላይ ከቀረ የፊት አክስሉና ዲፈረንሻሉ በከንቱ ይሽከረከራሉ። እንደዚያም ሆኖ በወር አንድ ጊዜ 16 ኪሎሜትር ያህል በአራቱም ጎማ መንዳት የፋብሪካው ምክር ነው፤ የፊቱ ክፍል ዘይት እንዲያገኝ። ይህ ግን ጭቃ ወይም ጠጠር መንገድ ላይ ይሁን።

ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ላይ ጋሼ አይደራደሩም። "ሞተር እንዳይሞቅ" ተብሎ ተነቅሎ የተጣለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ሞተሩ ግን 80 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱም ወፍራም ሆኖ ይከብዳል። አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፍልተው በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት ያያሉ። መኪናው ከዚያ በኋላ ከሞቀ ጥፋቱ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ የደከመ ፋን ወይም የማይዝ የራዲያተር ክዳን ነውና እሱን ይፈልጋሉ።

ፓምፑ የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የእሳቸው ዕውቀት ይለያል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፓምፑ ግን ለቆላ በተለካው መጠን መርጨቱን ከቀጠለ ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት መኪናው የት እንደሚሠራ ነው። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ለሚመላለስ የሙሉ ጭነት ብሎኑን (ፓምፑ የሚረጨውን የናፍጣ ጣሪያ የሚወስነውን) በትንሽ በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ፣ ወደ ውጭ ያላሉና ዳገት ላይ ጭሱን አይተው ይቆልፉታል። ብሎኑ ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ስለሚነካ ያንን መልሰው ያስተካክላሉ። አዋሽና አፋር ለሚውል መኪና ግን አይቀንሱም፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ጉልበት ማሳጣት ብቻ ይሆናል።

ጭስ አይተው ብቻ ግን ብሎን አያላሉም። በመጀመሪያ ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) ያወጣሉ፤ በአቧራ ከታፈነ ጥቁር ጭሱን ራሱ ያመጣዋልና። በኮምፕረሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) በእጅ መሞከሪያው ላይ አንድ በአንድ ይረጫሉ። ጤነኛው እንደ ጉም በትኖ በአንዴ ያቆማል፤ የሚንጠባጠበው ይቀየራል። ኖዝል በተፈታ ቁጥር ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አዲስ መሆን አለበት። አሮጌውን የሚመልስ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

ጎማ ንፋስ፣ አላይመንት፣ ባዶውን የሚዞር ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ማውረድ፦ እነዚህን ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። የንፋሱ ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተጽፏል፤ ጎሚስታው በግምት አይሙላ።

ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ የሚሸጠውን ማግኔትና ጠብታ ጋሼ አይገጥሙም፣ አይሸጡምም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዲህ ያሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አንድም አላገኘም። የፈቱትን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው ይመልሳሉ፤ የተሠራውንና ያልተሠራውን በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። ለዚህ ታማኝነታቸው ጋሼ፣ ከልብ እናመሰግናለን። እድሜና ጤና ይስጥልን።

ስልካቸውን ለፈለገ በውስጥ መስመር እንልካለን። መኪናውን ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ አድሮ አምጡላቸው፤ በቅዝቃዜ ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ ማየት ይፈልጋሉ። የሞላችሁበትን ሊትርና ኪሎሜትር የጻፋችሁበትን ወረቀትም ያዙ።